ሮቦት፣ ታርጌት እና ትእዛዝ፦ ስለ ልብስ ፋብሪካ ሥራ በስህተት የሚወሩ ነገሮች

«ሮቦት መጥቶ የስፌት ማሽን ኦፕሬተሮችን ያባርራል።»
የጨርቅ ቆረጣው በኮምፒውተር ከታዘዘ ቆይቷል። ስፌቱ ግን ዛሬም በአብዛኛው የሰው እጅ ነው፤ ጨርቅ ስለሚታጠፍና ስለሚለጠጥ ማሽን እንደ ብረት ቀጥ አድርጎ አይይዘውም። ቴክኖሎጂው ከመርፌው ይልቅ ማን ስንት እንደሰፋ በስክሪን ወደሚያሳየው ቆጠራ ቀድሞ ገብቷል።

«ታርጌት ሱፐርቫይዘሩ ከኪሱ የሚያወጣው ቁጥር ነው።»
ታርጌት፣ ማለትም አንድ ላይን (ልብሱን ተቀባብለው የሚሰፉ ሠራተኞች መስመር) በቀን እንዲያወጣ የሚጠየቀው ብዛት፣ ስሌት አለው። አንድ ሸሚዝ 20 መደበኛ ደቂቃ (ለሥራው የተተመነ ጊዜ) ይፈጃል እንበል። 40 ኦፕሬተር ያለበት ላይን በ8 ሰዓት 19,200 ደቂቃ አለው፤ ለ20 ሲካፈል 960 ሸሚዝ። የላይኑ ብቃት 50 በመቶ ከሆነ ታርጌቱ 480 ነው። ጠቡ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፦ ጀማሪ የበዛበት ላይን በ70 በመቶ ሲታቀድ 672 ይጠየቃል፣ ማንም አይደርስበትም። ኮሌታ የምትሰፋው ጋ ሥራ ከተከመረ ደግሞ ከእሷ በኋላ ያሉት እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ፤ ስክሪኑ ላይ ግን ሰነፍ መስለው የሚታዩት እነሱ ናቸው። ከመቆጣት በፊት «የት ነው የተከመረው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

«ታርጌት ያልሞላ ትርፍ ሰዓት አይታሰብለትም።»
ታርጌት ሲሞላ የሚሰጠው ቦነስና ትርፍ ሰዓት ይምታታሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት አሠሪው አዝዞ ላስቆየው ሰዓት የመደበኛው የሰዓት ክፍያ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት 1.5፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ይከፈላል። ትርፍ ሰዓቱ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም።

«ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የአገሩ ሕግ አይሠራም።»
ይሠራል። የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋምም 10 ሠራተኛ ይበቃል።

«ትእዛዙን የሰረዘው ገዢው ስለሆነ ፋብሪካው አይጠየቅም።»
ዋጋውንና የማስረከቢያ ቀኑን የሚወስነው ልብሱን የሚገዛው ብራንድ መሆኑ እውነት ነው። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎዋ (ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የመላክ ዕድል) ስትታገድ ትእዛዝ በርቀት እንዴት እንደሚነጥፍ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላይ ታይቷል። የሥራ ውሉ ግን ከፋብሪካው ጋር ነው። ከሠራተኛው 10 በመቶና በላይ የሚቀነስ ከሆነ አሠሪው ከማኅበሩ ወይም ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር መመካከር አለበት፤ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም ይሰጣል። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ ማለትም 10 ቀን ይታከላል። በቅነሳ ምክንያት ደግሞ ሌላ 60 ቀን አለ። አራት ዓመት የሠራች ኦፕሬተር እንግዲህ 30፣ 30 እና 60፣ በድምሩ የ120 ቀን ደመወዝ ይገባታል።