ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው

ደብረ ብርሃን ላይ ይህ አባባል የሚሰማው ብዙ ጊዜ ለነገር አመላላሽ ነው። ትዳር ሲፈርስ፣ ጎረቤት ሲኳረፍ፣ «ምን ይደረግ፣ ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው» ይባላል። ውጊያ ከበተነው ሠራዊት ወሬ የበተነው ይበዛል ማለት ነው።

እኔ ግን ከሐሜት በፊት የዘማች አባባል እንደሆነ ነው የምረዳው። የድሮ ሠራዊት መሪውን እያየ ነበር የሚዋጋው። መሪው ወደቀ ከተባለ ማን ቆሞ ያጣራል? በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የአፄ ዮሐንስ ጦር ወደ ድል ተቃርቦ ነበር። የንጉሡ መቁሰል ሲሰማ ተፈታ። ያ ወሬስ እውነት ነበር።

ውሸቱን ሰሜን ሸዋ በደጁ አይቶታል። በጥቅምት 1909 ንጉሥ ሚካኤል ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻረ ብለው ከወሎ ገሰገሱ። ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑልሰገድን ጦር ደመሰሱ፤ ራሱም ወደቀ። ያኔ የሸዋው ወገን የጦር ሚኒስትር ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ «ከእርስዎ ጋር ነኝ» ዓይነት መልእክት ላኩባቸው። ንጉሡም አመኑና ቆም አሉ። የሸዋ ጦር እስኪጠራቀም ጊዜ ተገኘ። ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ።

ባሕር ላይ ደግሞ ከዚህም የባሰ ሆኗል። ታኅሣሥ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. የጀርመኗ የጦር መርከብ ግራፍ ሽፔ ከሦስት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ጋር ደቡብ አሜሪካ አጠገብ ተጋጠመች። ከሦስቱ በጣም የተመታችው ኤክሰተር ነበረች። 61 ሰው ሞተባት፤ ትልልቅ መድፎቿ ሁሉ ዝም አሉ። ካፒቴኑ ከትንሽ ጀልባ በተወሰደ ኮምፓስ እየመራት፣ ትእዛዙን ሰው ለሰው እየተቀባበለው ከውጊያው አወጣት።

ግራፍ ሽፔም ተጎድታ ነበር፤ ግን ሞንቴቪዴዮ ወደብ በራሷ ሞተር ገባች። የወደቡ ባለቤት ኡራጓይ ለቃ እንድትወጣ 72 ሰዓት ሰጠቻት። እንግሊዞች ታዲያ አርክ ሮያልና ሪናውን የተባሉ ግዙፍ መርከቦች በር ላይ እየጠበቋት ነው የሚል ወሬ አስነዙ። ሁለቱ ገና ሩቅ ነበሩ። ለእርዳታ የደረሰችው ከምበርላንድ የተባለች የእንግሊዝ መርከብ ብቻ ነች። የግራፍ ሽፔ ካፒቴን ላንግስዶርፍ ወሬውን አመነ። ታኅሣሥ 7 ባሕረኞቹን አወረደና መርከቡን በገዛ ፈንጂው አጋያት። ከቀናት በኋላ ራሱን ገደለ። ፈሪ ነው እንዳይባል፣ በዚያ ዘመቻ ዘጠኝ የንግድ መርከቦች ሲያሰጥም ከሠራተኞቻቸው አንድ ሰው አልገደለም። ሰው የሚያስብለት ካፒቴን ነበር፤ ወሬውም የያዘው በዚሁ ይመስለኛል።

ኤክሰተር በፎክላንድ ደሴቶች ተጠጋግና የካቲት 7 ፕሊመዝ ገባች። የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ቸርችል ራሱ መርከቧ ላይ ወጥቶ ተቀበላት። በሳምንቱ ባሕረኞቿ አብራት ከተዋጋችው ከአጃክስ ባሕረኞች ጋር ለንደን መሐል ተሰልፈው አለፉ። ፉከራ ቢያውቁ ኖሮ ያን ቀን ባልቀረላቸው!