«ድምፅህ ያምራል፣ ጋዜጠኛ ሁን» እና ሌሎች የተሳሳቱ ምክሮች

ወፍራም ድምፅ ኖሮት ይህን ያልተባለ ሰው ያለ አይመስለኝም። ምክሩ ክፋት የለውም፣ ግን ጎርናና ድምፅ ይዞ ገብቶ አንድ ዜና ሳያጋምስ ትንፋሽ የሚያጥረው ስንቱ ነው! አድማጭ የሚፈልገው ጥርት ብሎ የሚሰማ ድምፅ ነው፤ ይሄ ደግሞ በልምምድ ይመጣል። ትንፋሽን ከሆድ መሳብ፣ ዋናውን ቃል ለይቶ እሱ ላይ ብቻ ጫን ማለት፣ ፊት ለፊት ለተቀመጠ አንድ ሰው እንደሚያወሩ ሆኖ ማንበብ። ሁሉንም ቃል እኩል የሚጫን አንባቢ ያደክማል።

«ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ሰው የሬዲዮ ዜና አያቅተውም» የሚሉም አሉ። ያቅተዋል እንጂ! አንባቢ ካልገባው ወደ ላይ ተመልሶ ያያል፤ አድማጭ ግን ካመለጠው አመለጠው ነው። አማርኛ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፣ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ለምሳሌ እንዲህ የሚል ዜና እንውሰድ፦ «በደረሰው የጎርፍ አደጋ ምክንያት 4,870 ቤተሰቦች ከመኖሪያ ቤታቸው መፈናቀላቸውን የአደጋ መከላከል ኃላፊው አስታወቁ።» ማን እንዳለው እስክንሰማ ቁጥሩ ከጆሯችን ወጥቷል። ለጆሮ ሲጻፍ፦ «ጎርፍ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ቤተሰቦችን አፈናቅሏል። ይህን ያሉት የአደጋ መከላከል ኃላፊው ናቸው።» ጮክ ብላችሁ ሁለቱንም አንብቧቸው፣ ልዩነቱን ምላሳችሁ ይነግራችኋል።

ሌላው ደግሞ ጎበዝ ዘጋቢ አይደናቀፍም የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ሂንደንበርግ የተባለችው የአየር መርከብ (በጋዝ ተሞልታ የምትንሳፈፍ ግዙፍ የመንገደኞች ማጓጓዣ) አሜሪካ ውስጥ ስትቃጠል ኸርበርት ሞሪሰን የተባለ የሬዲዮ ዘጋቢ እዚያው ቆሞ ነበር። (ብዙ ሰው በቀጥታ የተላለፈ ይመስለዋል፤ ተቀድቶ በኋላ ነው የተሰማው።) ድምፁ ተሰበረ፣ አለቀሰ፣ መናገር ሲያቅተውም ለጊዜው እንደሚያቆም ተናግሮ አቆመ። ከዚያ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። ዘገባው እስከ ዛሬ የሚነሳው ያየውን ነገር ስለነገረን ነው፣ አንደበቱ ስላልተሳሰረ አይደለም። በቀጥታ ስርጭት የሚያስፈራው መደናቀፍ ሳይሆን ያላረጋገጡትን ነገር አፍ ሙሉ መናገር ነው። «ይህን እስካሁን አላረጋገጥንም» ማለት አያሳፍርም።

ቃለ መጠይቅ ላይ ደግሞ «ጥያቄ አዘጋጅቶ መግባት በቂ ነው» ይባላል። ማዘጋጀቱስ ጥሩ። ግን እንግዳው «ሥራዬን የለቀቅኩት ከማስፈራሪያው በኋላ ነው» ሲል ጠያቂው ወረቀቱን እያየ «እሺ፣ የወደፊት ዕቅድዎስ?» ይላል። የምን ማስፈራሪያ? ማን ነው ያስፈራራቸው? ወሬው እዚያ ነበር! አንዳንዴ ደግሞ ጥያቄም አያስፈልግም። መልሱ ካለቀ በኋላ ሁለት ሦስት ሰከንድ ዝም በሉ፣ ብዙ ሰው ዝምታውን ለመሙላት ዋናውን ነገር ያወጣዋል። በየመሃሉ «እሺ... እሺ...» ማለትም ይቅር፤ በአንገት መነቅነቅ ይበቃል፣ አለበለዚያ ኤዲቲንግ ላይ ቆርጦ ማውጣቱ መከራ ነው።

«ውድ ካሜራ ከሌለ አይሠራም» ለሚሉት ብዙ አልልም። ሥዕሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ተመልካች ይታገሳል፣ ድምፁ ካልተሰማ ግን ጣቢያ ይቀይራል። በስልክ እየቀዳችሁም ቢሆን ማይኩን ወደ አፍ አቅርቡ፣ ስንዝር ያህል ይበቃል። ከመውጣታችሁ በፊት የክፍሉን ዝምታ 30 ሰከንድ ቅዱ፣ የተቆረጠ ቦታ ይሸፍንላችኋል። ሄድፎን ደግሞ ከጆሮ አይውረድ። ሄድፎን ያላደረገ ሰው ማይኩ ጠፍቶ እንደነበር የሚያውቀው ኤዲቲንግ ሲጀምር ነው፣ ያኔ እንግዳው ጋ ደውሎ «እንደገና እንቅዳ» ማለት በጣም ይደብራል።