ሁለተኛ ደረጃ የፍሳሽ ማጣሪያ ምንድን ነው? ለትልቅ ከተማስ የቱ ይመረጣል?

ፍሳሽ ጣቢያ ሲደርስ መጀመሪያ ጨርቁና ፕላስቲኩ በወንፊት ይያዛል፤ አሸዋውና ከባዱ ነገር ይዘቅጣል። በውኃው የሟሟውና በጣም የደቀቀው ቆሻሻ ግን አብሮ ያልፋል። ይህን ባክቴሪያ እንዲበላው ማድረግ ሁለተኛ ደረጃ ማጣራት ይባላል። ምርጫው በአብዛኛው «ባክቴሪያው ኦክስጅን ከየት ያገኛል?» በሚለው ይወሰናል።

በአክቲቬትድ ስላጅ (ባክቴሪያው በገንዳ ውኃ ውስጥ ተበትኖ በሚሠራበት ዘዴ) አየር በብሎወር፣ ማለትም በአየር መንፊያ ማሽን፣ ወደ ገንዳው ይነፋል። የሟሟው ኦክስጅን በሊትር 2 ሚሊግራም አካባቢ መቆየት አለበት፤ የጣቢያውን ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህሉን የሚበላውም ይኸው ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከፍታው ዋጋ ያስከፍላል። በ20 ዲግሪ ሙቀት ውኃ በባሕር ጠለል በሊትር 9 ሚሊግራም ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ ቃሊቲ አካባቢ የሚይዘው 7 ገደማ ነው። በገንዳው መቆየት ያለበት 2 ሲቀነስ ኦክስጅኑን ወደ ውኃው የሚገፋው ልዩነት ከ7 ወደ 5 ይወርዳል፤ አየሩም ራሱ ስስ ነው። ብሎወሩ በባሕር ጠለል ስሌት ከተገዛ ፍሳሹ በሚበዛበት ሰዓት ኦክስጅን ያንሳል፣ ክር መሰል ባክቴሪያ ይራባል፣ የባክቴሪያው ዝቃጭም አልረጋ ብሎ ከንጹሑ ውኃ ጋር ይወጣል። ምልክቱን ለማየት አንድ ሊትር ከገንዳው ቀድቶ 30 ደቂቃ ማስቀመጥ ይበቃል፤ የረጋው ዝቃጭ በሚሊሊትር ተለክቶ በሊትሩ ውስጥ ላለው ደረቅ ዝቃጭ ግራም ሲካፈል ከ150 ከበለጠ አደጋ አለ።

በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የተሠራው የቃሊቲ ጣቢያ ሌላ መንገድ ይከተላል። ፍሳሹ በዩኤኤስቢ ገንዳ ውስጥ ከታች ወደ ላይ በዝቃጭ መሐል እያለፈ ያለ ኦክስጅን ይብላላል፤ ከዚያ በትሪክሊንግ ፊልተር፣ ማለትም ባክቴሪያ በሸፈነው የድንጋይ ወይም የፕላስቲክ ክምር፣ ላይ ይረጫል፣ አየሩም በራሱ ይገባል። ዩኤኤስቢ ብቻውን ከኦርጋኒክ ቆሻሻው ከ60 እስከ 75 በመቶ ያስወግዳል፤ የሚወጣው ሚቴንም ተይዞ ኃይል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከ20 ዲግሪ በታች ይዳከማል፣ አብሮ የሚወጣው የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ኮንክሪት ይበላል፣ አሞኒያ አይነካም። የፊልተሩ መርጫ ለረጅም ሰዓት ከቆመም በላዩ ያለው የባክቴሪያ ሽፋን ይደርቃል።

መብራት በሚቆራረጥበትና ቦታ በሚገኝበት ከተማ ይህ ጥምረት ትክክለኛ ምርጫ ነው እንላለን። አሞኒያ መውጣት ካለበት ግን ለእያንዳንዱ ኪሎ የአሞኒያ ናይትሮጅን 4.6 ኪሎ ያህል ኦክስጅን ስለሚያስፈልግ፣ አክቲቬትድ ስላጅ ይሻላል፤ ብሎወሩ በአዲስ አበባው የአየር ግፊት፣ በ78 ኪሎፓስካል ገደማ፣ ተሰልቶ ይታዘዝ። ከአቃቂ ወንዝ አትክልት ስለሚጠጣ ደግሞ አንድ ነገር አይረሳ፦ ከሁለቱም የሚወጣው ውኃ፣ ጥርት ብሎ ቢታይም፣ የበሽታ ጀርምና የትል እንቁላል አለበት፤ እርሻ ከመድረሱ በፊት ተጨማሪ ማጣሪያና ጀርም መግደያ ያስፈልገዋል።