«ሳንታ» ምንድን ነው? ሁልጊዜ ሴት አይደለችም

«ሳንታ» በጣልያንኛ «ቅድስት» ማለት ነው። ስለ ጣልያኗ ከተማ ፍሎረንስ የሚጽፉ ሰዎች «ሰማዕቷ ሳንታ ክሮቼ» ሲሉ ደጋግሜ አይቻለሁ። አሁንስ በዛ። ክሮቼ የምትባል ሰማዕት የለችም። ክሮቼ መስቀል ነው። ማይክል አንጄሎና ጋሊሊዮ የተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ስሙ ቅዱስ መስቀል ነው፣ አለቀ።

አንዱ ደግሞ «ሳንታ ካለ ሴት ናት፣ ሰዋስው ነው» ብሎ ይሟገታል። ወንድሜ፣ እኛስ ቅድስት ሥላሴ እንል የለም እንዴ? ሳንታ የምትከተለው የቃሉን ፆታ ነው። መስቀል በጣልያንኛ የሴት ፆታ አለው። መንበርም እንዲሁ፤ ቫቲካን ሳንታ ሴዴ፣ ቅድስት መንበር የምትባለው ለዚህ ነው።

የወንዱ አጠራር ደግሞ ይቀያየራል። ሳንቶን («ቅዱስ»ን) እንደ ታክሲ ረዳት አስቡት። ማርኮና ፒዬትሮ እጃቸውን እያወዛወዙ ይመጣሉ፤ በሩን ገርበብ አድርጎ ያስገባቸዋል፦ ሳን ማርኮ፣ ሳን ፒዬትሮ። ስቴፋኖ ግን ስ እና ትን እንደ ሻንጣ ደራርቦ ስለሚመጣ በሩ ወለል ይላል፦ ሳንቶ ስቴፋኖ። አንቶኒዮ በአናባቢ ሲጀምር «ተጠጋጉ!» ይባልና ይጫናል፦ ሳንታንቶኒዮ። አናም ሴት ሆና ሳለ ከዚህ አታመልጥም፦ ሳንታና። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በሩ የሚጠበው ለቅዱሳን ስም ብቻ ነው። ጳጳሱ «ቅዱስ አባት» ሲባሉ ሳንቶ ፓድሬ ነው እንጂ ሳን ፓድሬ አይባልም።

ስለ ስቴፋኖ ካነሳን፣ ቫቲካን ውስጥ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ (የአበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ) የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። «ኢትዮጵያዊው ቅዱስ እስጢፋኖስ» እያሉ የሚጽፉ ሰዎች ያናድዱኛል። እስጢፋኖስማ ያው የምናውቀው ቀዳሜ ሰማዕት ነው። አበሾቹ እዚያ ይኖሩ የነበሩት መነኮሳት ናቸው። ቦታውን በ1479 እ.ኤ.አ. የሰጧቸው ጳጳስ ሲክስቶስ 4ኛ ናቸው። በ1548 ሮም ላይ የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮንም ከዚያው ቤት ነበሩ።

ሌላም ስህተት አለ፦ የካቶሊክ ብፁዓንን ሁሉ «ሳን» ማለት። በኢትዮጵያ የሰበኩት ጣልያናዊ ካቶሊክ ሚሲዮናዊ ጁስቲኖ ደ ያኮቢስ በ1975 እ.ኤ.አ. ቅድስናቸው ስለታወጀ ሳን ጁስቲኖ ናቸው። (የተወለዱበት ከተማ ራሱ ሳን ፌሌ ይባላል።) የእሳቸው ደቀ መዝሙር አባ ገብረ ሚካኤል ግን በ1926 የተሰጣቸው ማዕረግ ቤያቶ ነው፤ ከቅድስና አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። በአማርኛ «ብፁዕ» ይባላል። እዚህ ጋ ደግሞ አዲስ ጣጣ ይመጣል፤ እኛ «ብፁዕ» ሲባል ጳጳስ ነው የሚታየን። አባ ገብረ ሚካኤል ጳጳስ ሆነው አያውቁም። በ1855 በእስር እንዳሉ ያረፉ ካህን ናቸው።