ሳይደገም የሚታወቅ ቃል፦ እንግሊዝኛ የሚያስቀራቸው ቃላትና የመሐል አዲስ አበባ ተማሪ

ቃል ማስቀረት፣ በቋንቋ ሊቃውንት አጠራር ኤሊፕሲስ፣ ቀደም ሲል የተነገረውን ወይም ከሁኔታው የሚታወቀውን የዓረፍተ ነገር ክፍል ሳይደግሙ ማለፍ ነው። ስያሜው «ጉድለት» የሚል ፍቺ ካለው የግሪክ ቃል የመጣ ቢሆንም የሚጎድለው ድምፁ እንጂ ትርጉሙ አይደለም። «አስቴር ካን ስዊም፣ ባት ከበደ ካንት» ሲባል፣ መዋኘትን የሚገልጸው ግስ ከከበደ ጋር አልተጠራም። ሆኖም ከበደ የማይችለው ምን እንደሆነ የሚጠራጠር ሰሚ የለም።

ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ሒሳብ» ሲል፣ ተሳፋሪውም «ወራጅ» ሲል ሁለቱም ሙሉ ሐሳብ ተናግረዋል። ካፌ ገብቶ «አንድ ማኪያቶ» የሚል ሰው ግስ አልተጠቀመም፤ ማኪያቶው ግን ይመጣለታል። ምሳሌያዊ አነጋገሮቻችንም ብዙዎቹ በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» በሚለው ውስጥ አንድም ግስ የለም፤ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» በሚለውም እንዲሁ። ስለዚህ የአዲስ አበባ ተማሪ እንግሊዝኛ ሲናገር የሚቸገረው ቃል ማስቀረት ስለማያውቅ አይደለም። ሁለቱ ቋንቋዎች የሚያስቀሩት የተለያየ ስለሆነ ነው። አማርኛ ሰውየውን ትቶ ግሱን ይይዛል፤ እንግሊዝኛ ግሱን ትቶ ሰውየውን ይይዛል።

«አልሰጠሁትም» የሚለውን አንድ ቃል እንመልከት። ሰጪው፣ ተቀባዩ፣ ጊዜውና አሉታው ሁሉም በግሱ ላይ ተሰፍተዋል። እንግሊዝኛው ይህንኑ ለማለት «አይ ዲድ ናት ጊቭ ኢት ቱ ሂም» ብሎ ሰባት ቃል ይደረድራል። አሁን «ሰጠኸው?» ተብለን ስንጠየቅ የምንመልሰው በግሱ ነው፤ «ሰጠሁት» ወይም «አልሰጠሁትም» እንላለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን «ዬስ፣ አይ ዲድ» ብሎ ያበቃል። መስጠቱም፣ የተሰጠውም ነገር፣ ተቀባዩም ቀርተዋል። የተረፉት «እኔ» የሚለው ተውላጠ ስምና ረዳት ግሱ ብቻ ናቸው። የተማሪዎቻችን ስሕተት አብዛኛው ከዚህች አንዲት ልዩነት ይመነጫል።

እንግሊዝኛ መሐል አዲስ አበባ ውስጥ የትምህርት ቋንቋ ሆኖ የቆየው ከመቶ ዓመት ላነሰ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 በአራዳ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የውጭ ቋንቋዎችን ያስተምር የነበረ ሲሆን፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት በተማሩት ዘንድ ጎልቶ የሚሰማው ፈረንሳይኛ ነበር። እንግሊዝኛ ቦታውን የያዘው እ.ኤ.አ. ከ1941 በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በእንግሊዝኛ አስተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ስድስት ኪሎ በሚገኘው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋምም ቋንቋው ያው ሆነ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከክፍል ክፍል ሲተላለፍ የኖረ አንድ ትእዛዝ አለ፤ «በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ» የሚል። ትእዛዙ ለጀማሪ ጠቃሚ ነው፤ ባለቤትን፣ ግስንና ተሳቢን በቅደም ተከተል ማስቀመጥን ያለማምዳል። ነገር ግን በጊዜው ካልተነሣ ተማሪው «ዱ ዩ ላይክ ኮፊ?» ሲባል ዕድሜ ልኩን «ዬስ፣ አይ ላይክ ኮፊ» እያለ ይኖራል። ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ ጆሮ ላይ ግን እንደ ቃል ጥናት ይሰማል።

ከዚህ ለመሸሽ የሚሞክር ተማሪ ደግሞ ሌላ ጉድጓድ ይጠብቀዋል። «ዬስ፣ አይ ላይክ» ብሎ ያቆማል። በአማርኛ «አዎ፣ እወዳለሁ» ምንም አይጎድለውም፤ በእንግሊዝኛ ግን ያ ግስ ተሳቢውን ጥሎ መቆም አይችልም። ወይ «አይ ላይክ ኢት» ይባላል፣ ወይም ግሱ ራሱ ከነተሳቢው ቀርቶ «አይ ዱ» ይባላል። መካከለኛ መንገድ የለም። «እየዘነበ ነው» ለማለት «ኢዝ ሬይኒንግ» የሚባለውም ከዚሁ ምንጭ የመጣ ስሕተት ነው። አማርኛው ባለቤት ስላላስፈለገው ተማሪው «ኢት» የሚለውን ይዘነጋል፤ እንግሊዝኛ ግን ትርጉም የሌለው ባለቤት እንኳ ቢሆን ወንበሩ ባዶ እንዲሆን አይፈቅድም።

ረዳት ግሱ የዚህ ሁሉ ምሰሶ ነው። በጥያቄው ወይም በቀደመው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ካን»፣ «ዊል»፣ «ሀቭ» ወይም «ኢዝ» ካለ ያው ተመልሶ ይመጣል። ከሌለ «ዱ»፣ «ዳዝ» ወይም «ዲድ» እንደ ጊዜውና እንደ ባለቤቱ ይጠራል፤ «ሺ ሊቭዝ ኢን ፒያሳ፣ ኤንድ ሂ ዳዝ ቱ» እንደሚባለው። እዚህ ላይ መምህራን ብዙ ጊዜ የማያነሡት አንድ ሕግ አለ። ከኋላው ቃል የቀረበት ረዳት ግስ በአዎንታ መልስ ላይ አይቆረጥም። «አር ዩ ሬዲ?» ለሚለው «ዬስ፣ አይ አም» እንጂ «ዬስ፣ አይም» አይባልም። የቀሩት ቃላት ክብደት በዚያች ትንሽ ግስ ላይ ስለሚያርፍ ሙሉ ድምፅዋን ትፈልጋለች። በአሉታ ግን «ካንት» እና «ዶንት» እንደተቆረጡ ይቆማሉ።

አማርኛ «እኔም» በምትል አንዲት ቃል የሚጨርሰውን እንግሊዝኛ በብዙ ይከፍለዋል። «ቡና እወዳለሁ» ላለ ሰው «እኔም» እንለዋለን፤ «ሻይ አልወድም» ላለውም «እኔም»። እንግሊዝኛው አዎንታውን «ሶ ዱ አይ»፣ አሉታውን «ናይዘር ዱ አይ» ይላል፤ ረዳት ግሱ ከባለቤቱ ይቀድማል፣ ከቀደመው ዓረፍተ ነገር ጋርም ይስማማል። «አይ አም ታየርድ» ላለ «ሶ አም አይ»፣ «አይ ሀቭ ፊኒሽድ» ላለ «ሶ ሀቭ አይ»፣ «አይ ዌንት» ላለ «ሶ ዲድ አይ»። «ሚ ቱ» ብሎ መገላገል ይቻላል፤ በወዳጅ ጨዋታ ላይ ምንም አይነቀፍም። ሆኖም በአሉታ ላይ «ሚ ቱ» ማለት ስሕተት ስለሆነ ልዩነቱን ማወቅ ግድ ነው። በእኔ እምነት ይህን ትምህርት በሰንጠረዥ ከማጥናት ሁለት ጓደኛሞች ቡና ይዘው አንዱ ሲናገር ሌላው እየመለሰ ቢለማመዱት በአንድ ሳምንት ከምላስ ይዋሐዳል።

«ቱ» የምትለዋም ቅንጣት የራሷ ጠባይ አላት። «ዱ ዩ ዎንት ቱ ካም?» ተብሎ የተጋበዘ ሰው «አይድ ላቭ ቱ» ብሎ ይመልሳል። ግሱ ቀርቶ «ቱ» ብቻዋን በመጨረሻ ትቆማለች። የእኛ «መምጣት» ውስጥ ያለችው «መ» ከግሱ ተነጥላ ልትቆም ስለማትችል ተማሪው «ቱ» ያለ ግስ ስትቀር ዓረፍተ ነገሩ የተሰበረ ይመስለዋል። ስለዚህ ወይ ግሱን ይደግማል፣ ወይም «ቱ»ን ጨምሮ ይጥላታል። ማስቀመጥ ይገባል።

ከስም ጋር ያለው ጉዳይ ደግሞ ከግሱ ይገለበጣል። ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብቶ ቀለበት የሚመርጥ ሰው ባለሱቁን «ትንሹን ያሳዩኝ» ይላቸዋል። «ቀለበት» የሚለው ስም ቀርቷል፤ ቅጽሉ «ኡ» እና «ን» ተቀጥለውለት እንደ ስም ቆሟል። እንግሊዝኛ ይህን ነጻነት አይሰጥም። «ሾው ሚ ዘ ስሞል» ብሎ ማቆም አይቻልም፤ «ዘ ስሞል ዋን» ማለት ያስፈልጋል፣ ለብዙ ከሆነ «ዋንስ»። የቋንቋ ምሁራኑ ማይክል ሃሊዴይና ሩቃያ ሀሰን እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት ይህን ዓይነቱን «መተካት» ብለው ከማስቀረት ለይተውታል፤ ማስቀረትንም በባዶ መተካት አድርገው አይተውታል። አከፋፈሉ ለአማርኛ ተናጋሪ በጣም ይጠቅማል፤ ምክንያቱም አማርኛ በባዶ በሚተካበት በዚህ ቦታ እንግሊዝኛ ቃል ይፈልጋል። ቁጥር ወይም ባለቤትነት ሲሆን ግን ነገሩ ይቀላል፤ «አይል ቴክ ቱ»፣ «ዚስ ኢዝ ማይን» ያለ «ዋን» ይቆማሉ። እንደ ውኃና ስኳር ያለ የማይቆጠር ስምም በ«ዋን» አይተካም።

«ሰው ደውሎ ነበር፤ ማን እንደሆነ ግን አላውቅም» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ የሚያዞር ተማሪ ብዙ ጊዜ «ባት አይ ዶንት ኖው ሁ ኢዝ» ይላል። «እንደሆነ» የሚለው ከአማርኛው ተከትሎት የገባ ነው። እንግሊዝኛ ከጠያቂው ቃል በኋላ ያለውን በሙሉ ቆርጦ «አይ ዶንት ኖው ሁ» ብሎ ይዘጋል። «ዌን»፣ «ዌር» እና «ኋይ» ም እንዲሁ ብቻቸውን ይቆማሉ። ለዚህ አሠራር የቴክኒክ ስም ያወጣለት አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ጆን ሮበርት ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ነበር።

ይኸው ሰው በቀጣዩ ዓመት ያሳተመው ጥናት ስለ አማርኛ ባይጽፍም አማርኛን ያስታውሳል። ሮስ ያስተዋለው ግስ በቀደመበት ቋንቋና ግስ በመጨረሻ በሚመጣበት ቋንቋ የሚቀረው ግስ በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚገኝ ነው፤ ለግስ ኋለኛ ቋንቋ ምሳሌ ያደረገው ጃፓንኛን ነበር። እኛ «አስቴር ሻይ፣ ከበደ ቡና አዘዙ» እንላለን። ሰሚው አስቴር ሻዩን ምን እንዳደረገችው ለማወቅ እስከ ማሰሪያ አንቀጹ ድረስ በትዕግሥት ይጠብቃል። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ዓረፍተ ነገሩ የሚታሰረው በመጨረሻ ነው፣ ስለዚህ ከፊት ያለው ሳይታሰር ሊቆይ ይችላል። እንግሊዝኛው ግን «አስቴር ኦርደርድ ቲ፣ ኤንድ ከበደ ኮፊ» ይላል። ቋጠሮው በመጀመሪያው ሐረግ ታስሯል፤ በሁለተኛው ላይ ግስ የለም። የእኛ አንባቢ «ከበደ ኮፊ» ላይ ሲደርስ እንደለመደው ግሱን ወደ ፊት ይፈልጋል፣ ነጥብ ያጋጥመዋል፣ ግራ ይጋባል። ወደ ኋላ መመለስ ነበረበት። ይህ አሠራር በንግግር ብዙም አይሰማም፤ በመጻሕፍትና በፈተና ምንባብ ውስጥ ግን ይገኛል። ተማሪ ሲያየው ማወቁ ይበቃዋል፤ ራሱ እንዲጽፈው ማስገደድ አያስፈልግም።

ማስቀረት ሁልጊዜ ግልጽነትን አይጠብቅም። «ከበደ ሎክድ ሂዝ ሾፕ፣ ኤንድ ዳዊት ዲድ ቱ» ሲባል ዳዊት የቆለፈው የራሱን ሱቅ ነው ወይስ የከበደን? በአማርኛም «ከበደ ሱቁን ቆለፈ፤ ዳዊትም እንዲሁ» ብንል ጥርጣሬው ያው ነው። በማወዳደር ላይም «አይ ኖው አስቴር ቤተር ዛን ከበደ» የሚለው ሁለት ፍቺ ይሸከማል። መጨረሻው ላይ «ዳዝ» ከተጨመረ አስቴርን እኔም ከበደም እናውቃታለን፣ እኔ ግን እበልጣለሁ ማለት ነው። «ዛን አይ ዱ ከበደ» ከተባለ ደግሞ የምናወዳድረው የታወቁትን ነው። አንዲት ረዳት ግስ ነገሩን ትለያለች። በውል፣ በኑዛዜና በፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ግን በእርሷም መታመን አይገባም፤ ስሙም ግሱም ይደገም።

የጋዜጣ ርእስ የራሱ ሕግ አለው። አራት ኪሎ መንገድ ዳር ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይቶ ማንበብ የተለመደ በነበረበት ዘመን ብዙ ወጣት እንግሊዝኛውን ያሻሻለው እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ በሚታተመው በዘ ኢትዮጵያን ሄራልድ ነበር። የእንግሊዝኛ ርእስ «ኤ»ን፣ «ዘ»ን እና «ኢዝ»ን ይጥላል፤ «ሚኒስተር ቱ ቪዚት ሐረር» ሲል ሚኒስትሩ ገና ሊሄዱ ነው ማለቱ ነው። ይህን ለማንበብ እንጂ በደብዳቤና በድርሰት ውስጥ ለመጻፍ መልመድ አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ ጉዳት የሚያስከትለው በአሉታ ለተጠየቀ ጥያቄ የሚሰጠው አጭር መልስ ነው። «አልበላህም?» ለተባለ ሰው በአማርኛ «አዎ፣ አልበላሁም» ማለት ልክ ነው፤ «አዎ» የጠያቂውን ግምት ያጸድቃል። በእንግሊዝኛ «ዲድንት ዩ ኢት?» ሲባል «ዬስ» ብቻ ያለ ሰው «በልቻለሁ» ብሏል። ያልበላ ሰው «ኖ፣ አይ ዲድንት» ማለት አለበት። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የቀረበ ሰው «ይህን ፕሮግራም ተጠቅመህ አታውቅም?» ተብሎ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ በአማርኛ ልቡ «ዬስ» ቢል ያልሠራውን ሠርቻለሁ ብሎ ይወጣል። መድኃኒቱ «ዬስ» እና «ኖ»ን ለጊዜው መርሳትና መልሱን ከረዳት ግሱ መጀመር ነው። እውነቱ «ተጠቅሜአለሁ» ከሆነ «አይ ሀቭ»፣ «አልተጠቀምኩም» ከሆነ «አይ ሀቨንት» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ «አይ ሀቭ»ን የሚያስቀድመው «ዬስ»፣ «አይ ሀቨንት»ን የሚያስቀድመው «ኖ» ነው።