«ገበሬ መቆጠብ የት ያውቃል?» እና ሌሎች ወሬዎች

«ገበሬ መቆጠብ አያውቅም።» ደሴ ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ እንዲህ የሚል ሰው አይጠፋም። ሰኞ ባቲ ገበያ ወርዶ ቢያይ ደግ ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ አባት ፍየል በገመድ ይዘው ቆመዋል። «ምነው አያ፣ ትንሽ ቢያቆዩአትስ?» አልኳቸው። «አብሽር፣ ያቆየኋት ለልጆቹ ደብተር ነው፤ ደረሰች» አሉኝ። ቁጠባ ማለት ይሄ አይደል? ደጋ ላይ ደግሞ ባሕር ዛፍ አለ፣ ዕቁብም አለ። ችግሩ ሌላ ነው። ድርቅ ሲመጣ ሁሉም ከብቱን ባንዴ ያወጣል፤ እህል ሲወደድ የከብት ዋጋ ይወድቃል። የ1977ቱን ክፉ ቀን ያየ ወሎዬ ይህን ከማንም አይማርም። ባንክ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ብር እንደ ከብት በድርቅ አይከሳም።

«ብድር ካገኘ ከድህነት ይወጣል።» ይህን እኔም አምን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2006 አማራና ኦሮሚያ ገጠር ውስጥ ጥናት ተካሂዶ ነበር። አነስተኛ ብድር የገባባቸው ቀበሌዎች ውስጥ ተበዳሪው በዛ፤ ኑሮው ግን ያን ያህል አልተለወጠም። እንደኔ እንደኔ አንዱ ጉዳይ የመክፈያው ቀን ነው። ዕዳው ልክ አዝመራ ሲገባ ከደረሰ፣ ገበሬው ማሽላውን ከአውድማ አንስቶ በርካሽ ይሸጣል። ክረምት ላይ ያንኑ ማሽላ በውድ ይገዛል። በበልግ የሚያመርተው የደላንታ ገበሬ ደግሞ እህሉ የሚደርሰው ሰኔና ሐምሌ ነው። ጥር ላይ ክፈል ቢሉት ከየት ያመጣል?

«ቤት የሌለው አይበደርም።» የቡድን ዋስትና፣ ማለት ተበዳሪዎቹ እርስ በርስ ዋስ ሆነው መበደር፣ ድሮም ነበር። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ከብትና ሰብል መያዣ እንዲሆኑ ፈቅዷል። ሕጉ ወጣ ማለት ግን በየቅርንጫፉ በሬ ይዘው ያበድራሉ ማለት አይደለም።

«ሙስሊሙ ባንክ አይወድም።» የሚሸሸው ወለዱን ነው። ከወለድ ነፃ አገልግሎት ዛሬ በብዙ ባንኮች አለ፤ ዘምዘምና ሂጅራ ደግሞ ከነጭራሹ በዚሁ መንገድ የተቋቋሙ ናቸው።

«ቴሌብር ስላለ አሁን ሁሉም ደርሶታል።» ከ2013 ወዲህ ብር በስልክ መላክ ቀሏል፣ እውነት ነው። ግን ከሐርቡ ወጣ ያለ ቀበሌ የማውቃቸው እናት አሉ። ልጃቸው ከአዲስ አበባ ይልክላቸዋል። መልእክቱን ማንበብ ስለማይችሉ ስልኩን ለባለሱቁ ልጅ ይሰጡታል። የምስጢር ቁጥራቸውንም የሚያውቀው እሱ ነው።