«የጂን ምርመራህ ኖርማል ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ኮዴይን የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ራሱ ብዙም ሕመም አያስታግስም። ጉበት ውስጥ ያለ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ነው ሞርፊን ወደሚባለው ብርቱ ማስታገሻ የሚለውጠው። አንዳንድ ሰው የዚህ ኢንዛይም ጂን ተጨማሪ ቅጂ አለው። እንዲህ ያለ ሰው በተለመደው መጠን እንኳ ሞርፊን ሊበዛበትና ትንፋሹ ሊደክም ይችላል። ነገሩ የሩቅ ሰው ጉዳይ አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከመረመራቸው 122 ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ተጨማሪ ቅጂ ነበራቸው።

ታዲያ ተመርምሮ መገላገል ነዋ? እንደሱ ቀላል ቢሆን ጥሩ ነበር። ላቦራቶሪው የሚያየው አስቀድሞ የመረጣቸውን የጂን ለውጦች ብቻ ነው። «ኖርማል» ማለት «ከፈለግናቸው ውስጥ አላገኘንም» ማለት ነው። ያልተፈለገው ለውጥ ቢኖርም ወረቀቱ ላይ አይወጣም።

ሌላም አለ። ጂንህ ያው ነው፣ የኢንዛይሙ ሥራ ግን ይለዋወጣል። ፍሉኦክሰቲን የተባለው የድብርት መድኃኒት ይህንኑ ኢንዛይም ያፍነዋል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ፈጣን»፣ ማለትም ኮዴይንን ቶሎ ወደ ሞርፊን የሚለውጥ፣ የተባለ ሰው ፍሉኦክሰቲን እየወሰደ ኮዴይን ቢጨምር ሕመሙ ላይታገስለት ይችላል። ዕድሜ፣ ኩላሊትና የጉበት ሕመምም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

እኔን የሚከነክነኝ «የትኛው የድብርት መድኃኒት እንደሚሻልህ ከምራቅህ እንነግርሃለን» የሚለው ማስታወቂያ ነው። መድኃኒቱ በምን ፍጥነት እንደሚብላላ መገመት አንድ ነገር ነው፤ ያሽልሃል ማለት ሌላ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2018 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለው አባባል ለብዙዎቹ ምርመራዎች በቂ ማስረጃ እንደሌለው አስጠንቅቋል።